ነበልባል የሌለው ምድጃ፤ ታሪኩና በቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በአሁኑ ዘመን በከተማ ነዋሪዎች ቤት፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ክፍልና በየሆቴሉ ወጥ ቤት ማይክሮዌቭ የሚባለውን ምድጃ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። እንጨት አይማገድበትም፤ ከሰል አይራገብበትም፤ ነበልባልም ሆነ የጋለ ብረት አይታይበትም። የቀዘቀዘውን ወጥ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ቍጥሩን ሲጫኑ ጥቂት ያጕረመርማል፤ ደወሉ ሲሰማም ወጡ ይጤሳል፤ ሳሕኑ ግን ብዙ ጊዜ ለብ ከማለት አያልፍም። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ሁሉ በልቡ አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አይቀርም። ይህ ዓይን የማያየው ኃይል ወጡን ያፈላው እንደ ሆነ፣ በአጠገቡ የቆመውን ሰውስ ምን ያደርገዋል?

ለዚህ ጥያቄ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ምድጃው መሥራት ሲጀምር ልጆቹን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ይሸሻል፤ ምግቡም መርዝ ሆኖ ይወጣል ብሎ ይጠራጠራል። ሌላው ደግሞ ነበልባል ከሌለ አደጋም የለም ብሎ የሕፃኑን ጡጦ፣ ክዳኑ የታሸገውን ዕቃ፣ ጠርዙ ወርቅ ቅብ የሆነውን ሲኒ ሳይለይ ያስገባል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል። ፊተኛው የሚፈራው ነገር አስቀድሞ በብልኃትና በሕግ በር የተዘጋበት ነው፤ ኋለኛው የናቀው ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰውን የሚያቃጥለው ነው። ይህም እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት የምድጃውን ታሪክ ከሥሩ መተረክ ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የምድጃው ትውልድ በወጥ ቤት አይደለም። የስኮትላንዱ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1860ዎቹ ዓመታት ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል ሞገድ መሆኑን በሒሳብ አስረዳ። ከ20 ዓመት በኋላም ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትስ፣ እንደ ብርሃን የሚጓዝ ነገር ግን ዓይን የማያየውን ሞገድ በቤተ ሙከራው አስገኝቶ የማክስዌል ቃል እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ከዚህም ግኝት ራዲዮ ወጣ። በራዲዮ ሞገድ የሰውን ሰውነት ማሞቅ እንደሚቻል ሐኪሞች ቀደም ብለው ያወቁ ሲሆን፣ ሕመምተኞችን ለማከምም ይጠቀሙበት ነበር። ይህን እዚህ ላይ የምጠቅሰው ኋላ የሚመጣውን የቸኮላት ታሪክ አንባቢ እንደ ተአምር እንዳይቈጥረው ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ እንግሊዞች የጠላትን አይሮፕላን ከሩቅ የሚያሳየውን ራዳርን ይዘው ነበር። ነገር ግን ሞገዱ ረዥም ስለ ነበረ መሣሪያው ግዙፍ ሆነ፤ በአይሮፕላን ሆድ ውስጥ ሊገባ የሚችልና ጥቃቅኑን ነገር ለይቶ የሚያሳይ ራዳር ለመሥራት አጭርና ብርቱ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ አስፈለገ። በየካቲት ወር 1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ይህን መሣሪያ ሠሩ። ስሙ ማግኔትሮን ይባላል። ውስጡ ተፈልፍሎ ጕድጓድ ጕድጓድ የተደረገበት፣ በአንድ እጅ ሊያዝ የሚችል የመዳብ ድብልብል ነው፤ ወደ 10 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ሞገድ ከዚያ በፊት ባልታየ ኃይል ያወጣ ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በሰር ሄንሪ ቲዛርድ የተመራ የመልእክተኞች ጓድ ይህን መዳብ በሣጥን አድርጎ ወደ አሜሪካ ወሰደው። እንግሊዝ በቦምብ እየተደበደበች ስለ ነበር በብዛት ለመሥራት አቅም አጥሯት ነበርና ምሥጢሯን ሰጥታ የአሜሪካንን ፋብሪካዎች አቅም ለመነች። ዛሬ ሾርባ የምናሞቅበት መሣሪያ ልብ ይኸው ያ በባሕር የተሻገረው መዳብ ነው።

ማግኔትሮንን በብዛት እንዲሠሩ ከታዘዙት ድርጅቶች አንዱ በማሳቹሴትስ አገር የሚገኘው ሬይቲየን የተባለ ኩባንያ ነበር። በዚያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር የሕይወት ታሪኩ ሊነገር የሚገባው ሰው ነው፤ በተለይም በዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ብዙ መምህራንና ተማሪዎች ስላሉ። በ1894 በሜይን ክፍለ ሀገር ሐውላንድ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተበት፤ እናቱም ትታው ስለ ሄደች በአክስቱና በአጎቱ ቤት አደገ። 12 ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን አቋርጦ በእንጨት ፋብሪካ ገብቶ ከማለዳ እስከ ማታ ይሠራ ጀመር። ጥቂት ዓመት ቈይቶ በአካባቢው ያለ የወረቀት ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሊያስገባ መሆኑን ሲሰማ፣ ስለ ኤሌክትሪክ አንዳች የማያውቅ ወጣት ሆኖ ሳለ ሥራውን ጠየቀ፤ በሥራውም ላይ ሽቦ መዘርጋትን ተማረ። በ1912 ባሕር ኃይል ገብቶ ራዲዮ ተማረ፤ ሌሊት ዘብ በቆመ ጊዜም ሒሳብና ፊዚክስ ብቻውን ያነብብ ነበር። እንግዲህ ከሊቃውንቱ ጋር ሲቀመጥ የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት ያልነበረው እርሱ፣ ማግኔትሮን ቀደም ሲል ከመዳብ ጥርብ አንድ በአንድ ተፈልፍሎ ይሠራ የነበረውን ከስስ ቅጠላ ብረቶች ተነባብሮ እንዲሠራ በማድረጉ፣ የኩባንያው ምርት በጦርነቱ መጨረሻ በቀን እስከ 2,600 ደረሰ። ስለዚህም አገልግሎቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከፍተኛ የክብር ሽልማት ሰጠው።

በ1945 አንድ ቀን ስፔንሰር ኀይል በሚያመነጭ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ቸኮላት ቀልጦ አገኘው። ታሪኩ በልዩ ልዩ አኳኋን ይተረካል፤ ቸኮላት ሳይሆን በለውዝ የተሠራ ጣፋጭ ነበረ የሚሉም አሉ። የኪስ ጣፋጭ ሲቀልጥ ያየ እርሱ የመጀመሪያው ሰው አይመስለኝም፤ በዚያ ሥራ ላይ የነበሩ ሌሎች ሰዎችም ሙቀቱን አስተውለው ነበር። ስፔንሰር የሚለየው ነገሩን ቸል ብሎ ባለማለፉ ነው። የበቆሎ ፍሬ አስመጥቶ በመሣሪያው ፊት አኖረ፤ ፍሬው እየተንጣጣ ፈንዲሻ ሆነ። በማግስቱም ጥሬ እንቁላል አምጥቶ ሞከረ። እንቁላሉ ሲንቀጠቀጥ አንድ የሥራ ባልደረባው ጠጋ ብሎ ሊያይ ሲያጎነብስ ፈነዳና አስኳሉ በፊቱ ላይ ተረጨ።

በዚህ እንቁላል ላይ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ። ሰው ሁሉ ሲያወራው ይሥቃል፤ ነገር ግን በማይክሮዌቭ ታሪክ የመጀመሪያው አደጋ ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ያንን ሰው የመታው ሞገዱ አይደለም፤ በእንቁላሉ ልጥ ውስጥ ታፍኖ መውጫ ያጣው እንፋሎት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሰዎች ክርክር ሁሉ ስለ ሞገዱ ሆነ፤ እንፋሎቱን ያሰበው ጥቂት ነበር።

ስፔንሰር ሞገዱን በብረት ሣጥን ውስጥ አግቶ ምግብ ማብሰል ጀመረ። በ1945 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1950ም ተሰጠው። ኩባንያው ስለዚህ ፈጠራ የሰጠው ጕርሻ 2 ዶላር ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው ምድጃ በ1947 ወጣ፤ ራዳሬንጅ ተባለ። ቁመቱ ከአንድ ረዥም ሰው አያንስም፤ ክብደቱ ወደ 340 ኪሎ ግራም ነበር፤ ማግኔትሮኑን ለማቀዝቀዝም የውሃ ቧንቧ ይዘረጋለት ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሊገዙ የቻሉት ምግብ ቤቶች፣ መርከቦችና የመሳሰሉት ብቻ ናቸው። በ1955 ታፓን የተባለው ኩባንያ ለቤት የሚሆን ሠርቶ በ1,295 ዶላር አቀረበ፤ ዋጋው ከብድ ስላለ ገዢ አላገኘም። በ1967 ግን አማና የተባለው የሬይቲየን እኅት ኩባንያ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ምድጃ በ495 ዶላር ሲያወጣ ሣጥኑ ከሆቴል ወጥ ቤት ወጥቶ ወደ ቤተሰብ ማእድ ቤት ገባ። ከዚያ ቀደም ምድጃውን የሚነኩት የሠለጠኑ ሠራተኞች ነበሩ። አሁን ግን ሕፃናት በፊቱ ቆመው በመስተዋቱ ማየት ጀመሩ። የጥንቃቄው ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ የሆነውም ከዚህ በኋላ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ምድጃው እንዴት እንደሚያሞቅ በአጭሩ መረዳት ይገባል። የቤት ማይክሮዌቭ ሞገድ በሰከንድ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል፤ ርዝመቱም 12 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የውሃ ቅንጣት አንዱ ጫፏ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላላት፣ ሞገዱ በተመላለሰ ቍጥር እርሷም ልትከተለው ትዞራለች፤ ከጎረቤቶቿም ጋር ትጋፋለች። ይህ ግፊያ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ውሃ ያለበት ምግብ ሲሞቅ፣ ውሃ የሌለበት የሸክላ ሳሕን ቀዝቃዛ ይቀራል። ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። ሞገዱ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው ጥቂት ሳንቲሜትር ነው፤ የወፍራም ቍራጭ መካከሉ የሚሞቀው ሙቀቱ ከዳር እየተላለፈ ሲደርሰው ነው።

ይህ ሞገድ ከራዲዮና ከብርሃን ወገን ነው። እንደ ራጅ ጨረር የአተምን አካል የሚሰብር ኃይል የለውም፤ ምግብንም ጨረር አመንጪ አያደርግም። መብራት ባጠፋን ጊዜ ብርሃኑ በክፍሉ ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ፣ ምድጃው ሲጠፋም ሞገዱ በወጡ ውስጥ አይቀርም። ሰውን ሊጎዳ የሚችለው በአንድ መንገድ ነው፤ ይኸውም ሥጋን በማሞቅ። በተለይም የዓይን ብሌን ሙቀትን ጠርጎ የሚወስድለት ብዙ ደም ስለማያገኝ ብርቱ ሞገድ ቢደርስበት ሊታወክ ይችላል። ስለዚህ ፍርሃቱ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሣጥኑ በደንብ ካልተዘጋ መፍራት የሚገባ ነገር አለ።

በአሜሪካ በ1967 አንዳንድ የቀለም ቴሌቪዥኖች ከሚገባው በላይ ራጅ ጨረር ሲያወጡ ተገኙ። ይህም ሕዝቡን ስላስደነገጠ በ1968 ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚወጣውን ጨረር የሚቈጣጠር ሕግ ታወጀ። በቴሌቪዥን ምክንያት የወጣው ሕግ ማይክሮዌቭንም ያዘ። ከጥቅምት ወር 1971 ወዲህ የሚሠራ ምድጃ ሁሉ፣ ከአካሉ 5 ሳንቲሜትር ርቆ ሲለካ ከፋብሪካ በሚወጣበት ጊዜ በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ከ1 ሚሊዋት፣ በአገልግሎት ዘመኑም ሁሉ ከ5 ሚሊዋት የበለጠ ሞገድ እንዳያሾልክ ተወሰነ። ይህ መጠን ሰውን እንደሚጎዳ ከታወቀው እጅግ ያነሰ ነው። ደግሞም ሞገድ በራቀ ቍጥር ይሳሳል፤ 50 ሳንቲሜትር የራቀ ሰው የሚደርሰው 5 ሳንቲሜትር ላይ ካለው መቶኛው እጅ ያህል ብቻ ነው።

ሕጉ ቍጥር ወስኖ ብቻ አልተወም፤ የበሩንም አሠራር ወሰነ። እያንዳንዱ ምድጃ በሩ ሲከፈት ሞገዱን ወዲያውኑ የሚያቆሙ፣ አንዱ ከሌላው የማይያያዙ ሁለት መቈለፊያዎች እንዲኖሩት አዘዘ፤ እነዚህ ቢበላሹ ደግሞ ምድጃውን ፈጽሞ እንዳይሠራ የሚያደርግ ሦስተኛ ተቈጣጣሪ ጨመረ። በበሩ መስተዋት ላይ የሚታየው ነቍጣ ነቍጣ ያለበት ብረትም ጌጥ አይደለም። የወንፊት ሥራ ይሠራል፤ ቀዳዳው ጥቂት ሚሊሜትር ስለ ሆነ እጅግ አጭር የሆነው ብርሃን ያልፋል፤ 12 ሳንቲሜትር የሆነው ሞገድ ግን ሊያልፍ አይችልም። ወጣችሁን ስታዩት ወጡ ላይ ያለው ሞገድ እናንተን አያገኛችሁም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ክርክሩ ቶሎ አልበረደም። በ1973 የዕቃ ገዢዎችን ጥቅም የሚጠብቀው የአሜሪካ ማኅበር ገበያ ላይ ያሉትን ምድጃዎች መርምሮ፣ ፍጹም አስተማማኝ ነው ብሎ ሊመሰክርለት የሚችል አንድም እንዳላገኘ በመጽሔቱ አወጣ። አምራቾቹ ተቈጡ። የማኅበሩ ፍርድ ጠንከር ያለ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ የሚጠራጠር ጎረቤት በመኖሩ በሩ እየጠነከረ እንደ ሄደ አምናለሁ። ገዢው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ በ1975 በአሜሪካ የተሸጠው ማይክሮዌቭ ከጋዝ ምድጃው በቍጥር በለጠ። ስፔንሰር ይህን አላየም፤ በ1970 ዓርፏል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚወጣው የመጀመሪያው ነገር በሩን መጠበቅ ነው። በሩ የጎበጠ፣ ማጠፊያው የላላ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ወይም በዳሩ ላይ ያለው ማሸጊያ የተቃጠለና የተቀደደ ምድጃ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን አይሠራበትም። በበሩ ዳር የረጋ ቅባትና የምግብ ፍርፋሪ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ መጠረግ አለበት፤ በሽቦ መፋቅ ግን አይገባም። በሩ ሳይዘጋ እንዲሠራ መቈለፊያውን በእንጨት ወይም በብረት ማታለል፣ 30 ዓመት የተደከመበትን ብልኃት በአንድ ቀን ማፍረስ ነው። ሽፋኑንም መፍታት ለባለሞያ ብቻ የተተወ ነው። ማግኔትሮን ብዙ ሺህ ቮልት ይፈልጋል፤ ይህንንም የሚያጠራቅመው ካፓሲተር የሚባለው ክፍል መሰኪያው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኃይሉን ይዞ ሊቈይ ስለሚችል፣ ብሎን መፍቻ ይዞ የገባውን ሰው ሊገድለው ይችላል። የማይክሮዌቭ ታላቁ የሞት አደጋ የሚገኘው በሞገዱ ሳይሆን በዚህ ስፍራ ነው።

በሩ ደኅና ከሆነ ዘንድ የቀረው አደጋ ከሣጥኑ ውስጥ በገዛ እጃችን የምናወጣው ነው። ውሃን እንመልከት። በእሳት ላይ ያለ ማንቈርቈሪያ ሲፈላ ይንተከተካል፤ ድምፁም ያስጠነቅቃል። በንጹሕና ልሙጥ ብርጭቆ ውስጥ በማይክሮዌቭ የሞቀ ውሃ ግን አረፋ የሚጀምርበት ጥግ ስለሚያጣ የመፍላቱን ልክ አልፎ እንኳ ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሰውየው አልፈላም ብሎ ሲያነሣው ወይም ቡናና ስኳር ሲጨምርበት በአንድ ጊዜ ገንፍሎ እጅና ፊት ይልጣል። በዚህ አኳኋን ብዙ ሰዎች ብርቱ ቃጠሎ ደርሶባቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስኳሩን ወይም ቡናውን አስቀድሞ መጨመር፣ ወይም የእንጨት ማንኪያ ከውሃው ጋር ማግባት፣ ከተወሰነው ጊዜ አለማሳለፍ፣ ሲያበቃም ጥቂት ታግሦ ማውጣት ነው።

የሕፃናት ጡጦ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ሞገዱ በሣጥኑ ውስጥ እየተነጠረ ሲገናኝ በአንዳንድ ስፍራ ይበረታል፤ በአንዳንድ ስፍራ ይደክማል። ሳሕኑ እንዲሽከረከር የተደረገውም ይህን ለማቃናት ነው፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይቃናም። እናት ጡጦውን ስትዳብስ ለብ ብሎ ታገኘዋለች፤ የወተቱ መካከል ግን የሕፃኑን ጉሮሮ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጡጦ ወተት በማይክሮዌቭ አይሞቅም፤ ጡጦውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማሞቅ የጥንቱ መንገድ ቢሆንም እስካሁን የሚተካከለው አልተገኘም።

ይኸው የሙቀት አለመስተካከል በሌላ በኩልም ይጎዳል። በ2007 በአሜሪካ በሊጥ ተሸፍኖ በበረዶ የደረቀ የዶሮና የቱርክ ሥጋ በልተው ከ270 በላይ ሰዎች ሳልሞኔላ በሚባለው ተሕዋስ ታመሙ። ሥጋው ጥሬ ባይመስልም በቤት ሊበስል የሚገባው ነበር። ብዙዎቹ የምድጃቸውን የዋት ኃይል አያውቁም ነበር፤ ለጠንካራ ምድጃ የተጻፈውን ደቂቃ በደካማው ምድጃ ሠሩበት፤ ከወጣም በኋላ ማረፍ የሚገባውን ያህል ሳይታገሡ በሉት። ዳሩ ይፋጃል፤ መካከሉ ግን በረዶውን እንደ ለቀቀ ነበር። ስለዚህ የሞቀ ምግብ በመካከል ተማስሎ እንደገና መግባት አለበት፤ ሲያበቃም ተከድኖ አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። የምግብ ጤና ጠበብት የተረፈ ምግብ እስከ መካከሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ያዝዛሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ከላይ እስከ ታች በደንብ የሚንተከተክ ሽሮ ከዚህ ልክ ያለ ጥርጥር አልፏል። ችግሩ ዳር ዳሩ ብቻ ሲንተከተክ ነው።

ስለ ዕቃዎቹ ደግሞ ጥቂት ልበል። ብረት ሞገዱን ስለሚመልስ፣ ሹል ወይም ቀጭን ከሆነ ደግሞ የእሳት ብልጭታ ስለሚፈጥር፣ ሹካ፣ የአሉሚኒየም ወረቀትና የቈርቈሮ ሳሕን አይገቡም። በእኛ ቤት ግን የሚረሳው ብረት የቡናው ሲኒ ነው። ብዙው ሲኒያችን ጠርዙ በወርቅማ ቀለም የተከበበ ነው፤ ያ ቀለም ስስ ብረት ስለ ሆነ በማይክሮዌቭ ውስጥ ይንጣጣል፤ ይጠቍራልም። ላስቲክም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም። በርበሬና ዘይት የበዛበት ቀይ ወጥ ከውሃ መፍያ ልክ አልፎ ሊግል ይችላልና፣ የገበያ ላስቲክ ዕቃ ሲቀልጥና ከወጡ ጋር ሲቀላቀል የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ለማይክሮዌቭ መሆኑ ያልተጻፈበትን ላስቲክ ትቶ ብርጭቆ ወይም ያልተቀባ ሸክላ መጠቀም ይሻላል። ክዳኑ ሁልጊዜ ገርበብ ይበል።

ምግቡ ውስጥ ገብቶ እሳት ቢነሣ፣ ሰው ደንግጦ በሩን ለመክፈት ይቸኵላል። ይህ ለእሳቱ አየር መስጠት ነው። በሩን እንደ ተዘጋ ትቶ ማጥፊያውን መጫንና መሰኪያውን መንቀል ይገባል፤ እሳቱ አየሩን ሲጨርስ ይሞታል።

ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶች ለስጦታ ይዘውት የሚመጡትን ምድጃ በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የዚያ አገር መብራት ወደ 120 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ግን 220 ቮልት ሆኖ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። እንዲሁ የሰኩት እንደ ሆነ ይቃጠላል፤ ቮልቱን በሚቀንስ ትራንስፎርመር እንኳ ቢሠራ፣ ለ60 የተሠራው የውስጥ ክፍሉ በ50 ከልክ በላይ ይግላል። ስጦታው የፍቅር ቢሆንም እዚሁ መግዛት ይረክሳል። ሶኬቱም የመሬት መስመር ያለው ይሁን፤ እንጀራ ከሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ገመድ አይሰካ። ደግሞ ቤታችን ውስጥ ማናቸውንም አዲስ ዕቃ በዳንቴል ሸፍኖ የአበባ ማስቀመጫ የማኖር ልማድ አለን። ማይክሮዌቭ ግን በጎኑና በጀርባው ባሉት ቀዳዳዎች ይተነፍሳል። ዳንቴሉ ያምራል፤ ምድጃው ሲሠራ ግን ይነሣ፤ ከግድግዳውም ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ራቅ ይበል።

አሁን ወደ እንቁላሉ ልመለስ። በ1945 የዚያን ሰው ፊት የመታው ጥሬ እንቁላል ነበር፤ በልጡ ያለው ጥሬ እንቁላል በማይክሮዌቭ እንደማይገባ ዛሬ ብዙ ሰው ያውቃል። ተቀቅሎ የተላጠ እንቁላል ግን የማይጎዳ ይመስላል፤ በበዓል ማግስትም ከተረፈው ዶሮ ወጥ ጋር እንዲሁ ይገባል። አስኳሉ በነጩ ውስጥ እንደ ታሸገ በመሆኑ የታፈነው ውሃ ከመፍያው ልክ አልፎ ይግላል፤ አንዳንድ ጊዜ ምድጃው ውስጥ ይፈነዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ጸጥ ብሎ ሳሕን ላይ ይወጣና ቢላዋ ወይም ጥርስ ሲነካው በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ባለሞያዎቹ እናቶቻችን ወጡ እንዲገባው ላዩን ስንጥቅ ስንጥቅ ማድረጋቸው ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ስንጥቁ አስኳሉ ድረስ ካልዘለቀ አይበቃም። ወጡን ለብቻው ማሞቅ፣ እንቁላሉን አስቀድሞ አውጥቶ እስከ አስኳሉ ለሁለት መክፈልና፣ ወጡ ከሞቀ በኋላ መልሶ ከላዩ ማኖር ነው።